ብላክ ሆል አጠገብ ውሃ? የኤንጂሲ 4258 የውሃ ሜዘር የገባው ሰው ያስረዳኝ

ፊዚክስ ከሳቢያን

ሰላም ለሁላችሁ። ድሬ ነኝ፣ ፊዚክስ 3ኛ ዓመት። ለክፍል ፕረዘንቴሽን የደረሰኝ ርዕስ በአክቲቭ ጋላክሲ እምብርት ዙሪያ ያለ የውሃ ሜዘር (እንደ ሌዘር ያለ፣ ግን በማይክሮዌቭ) ነው። የማነበው ነገር ሁሉ ዞሮ ዞሮ ኤንጂሲ 4258 የሚባል ጋላክሲ ላይ ይደርሳል፣ ሜሲየር 106ም ይሉታል። መሀሉ ላይ 40 ሚሊዮን ፀሐይ የሚመዝን ብላክ ሆል አለ፣ እሱን የሚዞር ቀጭን የጋዝ ዲስክ አለ፣ ዲስኩ ውስጥ ያለው የውሃ ትነት በ22 ጊጋኸርዝ ኃይለኛ የሬድዮ ሞገድ ይልካል ይላል። እሺ እዚህ ድረስ ገብቶኛል።

የማይገባኝ ግን፣ አንደኛ ኤክስሬይ የሚተፋ ነገር አጠገብ ውሃ እንዴት ሳይበታተን ይቆያል፣ ሁለተኛ ደግሞ ርቀቱን በጂኦሜትሪ ብቻ ነው የለኩት ይላል፣ ከ24 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት በላይ የራቀን ነገር በ1.5 ፐርሰንት ስህተት በምን ጂኦሜትሪ ነው የሚለኩት? ክፍል ውስጥ ቆሜ «ሳይንቲስቶች ደርሰውበታል» ብቻ ማለት አልፈልግም። በካልኩሌተር ራሴ ሰርቼ ልደርስበት የምችል መንገድ ካለ እሱን አሳዩኝ፣ ጓደኞቼም እዛው ቁጭ ብለው እንዲሰሩት ነው ሀሳቤ።

ጀጎል መምህር

እህቴ ጥሩ ጥያቄ ነው ያነሳሽው፣ ሐረር ሃይስኩል ፊዚክስ አስተምራለሁ፣ ስለ ውሃው እኔ ልጀምር።

መጀመሪያ ውሃ ሲባል የሚፈስ ነገር አታስቢ፣ በሃይድሮጅን ጋዝ መሀል አልፎ አልፎ የተበተነ የውሃ ሞለኪውል ነው። የጋዙ ጥግግት በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ከ100 ሚሊዮን እስከ 10 ቢሊዮን የሃይድሮጅን ሞለኪውል ያህል ነው። ብዙ ይመስላል አይደል? አሁን የምትተነፍሺው አየር በዛችው አንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ውስጥ ከ10 ቢሊዮን ጊዜ ቢሊዮን በላይ ሞለኪውል ይዟል። ስለዚ ከኛ አየር ጋር ሲተያይ ያ ጋዝ ባዶ ነው ማለት ይቻላል።

ሁለተኛ «አጠገብ» የሚለው ቃል እንዳያሳስትሽ። የ40 ሚሊዮን ፀሐይ ብላክ ሆል ራዲየስ 120 ሚሊዮን ኪሜ አካባቢ ነው፣ ከምድር እስከ ፀሐይ ካለው ርቀት እንኳን ያንሳል። ሜዘሮቹ ያሉት ግን ከመሀሉ ግማሽ የብርሃን ዓመት ገደማ ርቀው እስከ 0.9 የብርሃን ዓመት ድረስ ባለው ቀለበት ላይ ነው። ይሄ የብላክ ሆሉን ራዲየስ ከ30 ሺህ ጊዜ በላይ ማለት ነው። እዛ ድረስ የሚመጣው ኤክስሬይ የዲስኩን ላይኛ ገጽ ይመታል፣ ዲስኩ ጠመም ያለ ስለሆነ በሰያፍ ነው የሚያርፍበት፣ ከላይ ያለው ጋዝ ደግሞ ከስር ላለው ጋሻ ይሆነዋል። ከጋሻው ስር ያለው ጋዝ አይበታተንም፣ ይሞቃል ብቻ፣ ከ400 እስከ 1000 ኬልቪን። ደስ የሚለው ነገር ደግሞ ይሄ ሙቀት ለውሃ ጠላት አይደለም፣ እንደውም ጋዙ ከ300 ወይ 400 ኬልቪን ሲያልፍ ኦክስጅን ሃይድሮጅን ላይ እየተለጠፈ ፈጥኖ ወደ ውሃ ይቀየራል። ስለዚ ኤክስሬዩ በርቀትና በጋሻ ሲለዝብ ውሃውን የሚያበዛው እሱ ራሱ ነው ማለት ነው፣ እኔን ሁሌ የሚገርመኝ ይሄ ነው።

አሁን ወደ ሜዘሩ። የውሃ ሞለኪውል ይሽከረከራል፣ የሽክርክሪቱም ኢነርጂ በደረጃ የተከፋፈለ ነው። የ22.235 ጊጋኸርዝ ሞገድ የሚወጣው በሁለት በጣም በተቀራረቡ ደረጃዎች መሀል ሲወርድ ነው። ሁለቱም ከታችኛው ወለል በጣም ከፍ ብለው ነው ያሉት፣ በሙቀት ሲተመን ወደ 640 ኬልቪን ይሆናል፣ ቀዝቃዛ ጋዝ እዛ አያደርሳቸውም። ሞቃት ሃይድሮጅን ሲገጫቸው ወደ ላይ ይወጣሉ፣ ከዛ ሲወርዱ የመውረጃው መንገድ ሁሉንም እኩል አያደርግም፣ ከሁለቱ ላይኛው ላይ ይጠራቀማሉ። በተለመደው ሁኔታ ታችኛው ደረጃ ነበር ብዙ ሞለኪውል መያዝ ያለበት፣ እዚህ ተገለበጠ ማለት ነው። ከዛ አንድ የ22 ጊጋኸርዝ ፎቶን ሲያልፍ ላይ ያለውን ሞለኪውል ራሱን የመሰለ ፎቶን ያስተፋዋል፣ ሁለቱ ሌላ ሁለት ያስተፋሉ፣ ቀለበቱን እስኪወጡ ድረስ እየተባዙ ይሄዳሉ። ከሌዘር ጋር አንድ ነው፣ ልዩነቱ ማይክሮዌቭ መሆኑ ነው።

ጥግግቱ ከዛ በላይ ቢጨምር ግጭቱ ስለሚበዛ ደረጃዎቹ ወደ ተለመደው ስርጭት ይመለሳሉና ሜዘሩ ይጠፋል። ለዛ ነው አየራችን ውስጥ ያለ ተን ሜዘር የማይሆነው።

ሊንክ ደንገጎ

አቦ 22 ጊጋ ሲባል ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም፣ የማይክሮዌቭ ሊንክ ቴክኒሻን ነኝ፣ ከድሬ ወደ ሐረር በደንገጎ በኩል ያሉ ማማዎች ላይ ነው የምሰራው። እኛ የ23 ጊጋ ባንድ እንጠቀማለን፣ 60 ሳንቲሜትር ዲሽ፣ ሰማዩ ጥርት ሲል ሪሲቭ ሌቭሉ ንቅንቅ አይልም፣ ዝናብ ዳገቱ ላይ ሲወርድ ደግሞ ዓይንህ እያየ በሃያ ዲቢ ይወርዳል። በጥቂት ኪሎሜትር ሊንክ ይሄ ሁሉ ችግር እያለ ከሌላ ጋላክሲ የመጣ 22 ጊጋ መያዛቸው ወላሂ ትልቅ ነገር ነው፣ ትልቅ ዲሽና የቀዘቀዘ ሪሲቨር ያስፈልጋል፣ በእርጥብ ቀንም አይሆንም፣ አየሩ ውስጥ ያለው ተን ራሱ እዛው ፍሪኩዌንሲ ላይ ይውጠዋል።

ግን እኔ ልጨምር የፈለኩት ስለ ባንድዊድዝ ነው። የዚህ ጋላክሲ ሜዘር መጀመሪያ የታየው 1984 እ.ኤ.አ. ነው። ያኔ ያዩት መሀለኛውን ጉብታ ብቻ ነበር፣ ማለትም ጋላክሲው ራሱ ከኛ በሚርቅበት ፍጥነት በ470 ኪሜ በሰከንድ አካባቢ ያለውን። በዶፕለር (ምንጩ ሲርቅ ፍሪኩዌንሲው ዝቅ፣ ሲቀርብ ከፍ ይላል) ብታሰላው 22.235 የነበረው ወደ 35 ሜጋኸርዝ ዝቅ ብሎ 22.200 ጊጋ ላይ ነው የሚመጣው። ሰዉ ሪሲቨሩን እዛች ጋ አስተካክሎ ጠባብ ባንድ ከፍቶ ለዓመታት ሲያይ ቆየ። ከዛ ጃፓን ኖቤያማ ያለው የ45 ሜትር ቴሌስኮፕ ሰፊ ባንድ የሚይዝ ስፔክትሮሜትር ነበረውና 1992 እ.ኤ.አ. ላይ ሲከፍቱት ከመሀሉ ግራና ቀኝ እስከ 1000 ኪሜ በሰከንድ ገደማ ርቀው የተቀመጡ ሌሎች ጉብታዎች ወጡ! በፍሪኩዌንሲ ብትለውጠው ወደ 74 ሜጋኸርዝ ግራና 74 ሜጋኸርዝ ቀኝ ማለት ነው። ሲግናሉ ድሮም ነበር፣ በር ስላልተከፈተለት ነው። በኛም ስራ ስፔክትረም አናላይዘር ላይ ስፓኑን አጥብበህ ስታይ አጠገቡ ያለውን ኢንተርፌረንስ አታየውም፣ ከፈት ስታደርገው ቁልጭ ብሎ ይወጣል።

ፊዚክስ ከሳቢያን

ሁለታችሁም አቦ ይመቻችሁ፣ የውሃው ነገር በደንብ ገባኝ። ግን ለምን ሦስት ቦታ ብቻ? ዲስኩ ሙሉ ከሆነ ከመሀል እስከ ጎን ሁሉም ቦታ ላይ ያለው ውሃ መታየት አልነበረበትም? ማለቴ በመሀሉና በግራ ቀኙ መካከል ስፔክትረሙ ባዶ ነው።

ጀጎል መምህር

ይሄን ያየ ተማሪ ዲስኩን አይቶታል ማለት ነው። ሜዘር እየተባዛ እንዲሄድ ፎቶኑ በሚያልፍበት መስመር ላይ ያለው ጋዝ በሙሉ ወደ እኛ አቅጣጫ ተመሳሳይ ፍጥነት ሊኖረው ይገባል፣ ካልሆነ በዶፕለር ፍሪኩዌንሲው ይለያይና የሚቀጥለው ሞለኪውል ፎቶኑን አያውቀውም። ዲስኩን ከጠርዙ ነው የምናየው፣ ከላይ አይደለም። ወረቀት ላይ ክብ ሳዪና አንቺ ከክቡ ውጪ ከታች እንዳለሽ አድርጊ። በግራና በቀኝ ጫፍ ያለው ጋዝ በቀጥታ ወደ አንቺ ይመጣል ወይ ይሸሻል፣ በዛ መስመር ላይ ፍጥነቱ ለረጅም ርቀት ብዙ አይለያይም። ወደ አንቺ ፊቱን ባዞረው በኩል ያለው ደግሞ ወደ ጎን ስለሚሄድ ወደ አንቺ ያለው ፍጥነት ዜሮ ገደማ ነው፣ እሱም ለረጅም ርቀት አንድ ነው። በነዚህ መካከል ባለው ሰያፍ ቦታ ግን በእያንዳንዱ እርምጃ ፍጥነቱ ይቀያየራል፣ ማባዛት አይቻልም። ስለዚ ሦስት ቡድን፣ መሀል፣ የሚመጣና የሚሄድ።

ከጠርዙ ማየት ግዴታ መሆኑ ደግሞ ሌላ ውጤት አለው። በሺዎች የሚቆጠሩ ጋላክሲዎች ላይ ተፈልጎ የውሃ ሜዘር የተገኘው በጥቂት ፐርሰንቱ ብቻ ነው። ውሃው እዛ የለም ማለት አይደለም፣ ጨረሩ በኛ በኩል አላለፈም ማለት ሊሆን ይችላል።

ለገሃሬ 07

ሰላም፣ እኔ ግን ጥርጣሬ አለኝ፣ በቅንነት ነው የምጠይቀው። ግራና ቀኝ 1000 ኪሜ በሰከንድ የሚሄድ ጋዝ አያችሁ፣ ይሄ ለምን ከመሀል በሁለት ተቃራኒ አቅጣጫ የሚተፋ ጄት አይሆንም? አንዱ ወደኛ አንዱ ከኛ። ዲስክ ነው፣ ብላክ ሆል ነው ለማለት ከሁለት ጉብታ በላይ ማስረጃ ያስፈልጋል። ብላክ ሆልስ ለምን ይሆናል፣ የሞቱ ኮከቦች ተጠጋግተው ቢሆንስ?

ጀጎል መምህር

ወንድሜ ጥርጣሬህ ቦታው ላይ ነው፣ መጀመሪያ ሲታይ ከመሀል የሚወጣ ፍሰት ሊሆን ይችላል የሚለው ሀሳብም በሳይንቲስቶቹ ዘንድ ቀርቦ ነበር። የፈታው ቪኤልቢኤ ነው። 10 አንቴና፣ እያንዳንዱ 25 ሜትር፣ ከሃዋይ እስከ ካሪቢያኗ ሴንት ክሮይ ደሴት ተዘርግተው እንደ አንድ 8 ሺህ ኪሜ ስፋት ያለው ቴሌስኮፕ ይሰራሉ። 1995 እ.ኤ.አ. የወጣው ውጤት እያንዳንዱ ሜዘር ሰማይ ላይ የት እንዳለ ለየ፣ ነጥቦቹም በቀጭን፣ ትንሽ በተጣመመ መስመር ላይ ተሰለፉ፣ ያ ከጠርዙ የታየ ዲስክ ነው። ከዛ ፍጥነትን ከመሀል ካለው ርቀት ጋር ሲያስቀምጡት ፍጥነቱ በርቀት ስኩዌር ሩት ልክ እየቀነሰ ሄደ፣ ከ1 ፐርሰንት ባነሰ ልዩነት። ይሄ የኬፕለር ህግ ነው፣ ሜርኩሪ በሰከንድ 48 ኪሜ፣ ምድር 30፣ ኔፕቱን 5.4 የሚሮጡበት ያው ህግ። የሚተፋ ጋዝ እንዲህ አድርጎ ኬፕለርን የሚከተልበት ምክንያት የለውም።

የሞቱ ኮከቦች ያልከው ደግሞ፣ ኩርባው ንጹህ ኬፕለር ከሆነ ክብደቱ በሙሉ ከቀለበቱ ውስጥ ነው ያለው ማለት ነው። 40 ሚሊዮን ፀሐይ ከግማሽ የብርሃን ዓመት ባነሰ ራዲየስ ውስጥ! በኛ በኩል እኮ ከፀሐይ ቀጥሎ ያለው ኮከብ 4.2 የብርሃን ዓመት ይርቃል። እንደዛ ተፋፍነው የተቀመጡ ኮከቦች ወይ እየተጋጩ ወይ አንዱ ሌላውን እየወረወረ ይበተናሉ፣ በጋላክሲ ዕድሜ ሲታይ ረጅም ጊዜ አይቆዩም።

ሁሉም ግን እንደዚህ ንጹህ አይደለም፣ ይሄንን ፕረዘንቴሽንሽ ላይ ብትጨምሪው እወዳለሁ። ሰርሲነስ ጋላክሲ ላይ አንዳንዶቹ ሜዘሮች ዲስክ ላይ ሌሎቹ ከመሀል በሚነፍሰው ጋዝ ውስጥ ናቸው፣ ለገሃሬ እንዳለው ማለት ነው። ኤንጂሲ 1068 ላይ ደግሞ ፍጥነቱ የሚቀንሰው ከኬፕለር ቀስ ብሎ ነው፣ ስለዚ ሚዛኑ እንደ 4258 የማያሻማ አይደለም። እና ደግሞ የውሃ ሜዘር ሁሉ የብላክ ሆል ጎረቤት አይደለም፣ 1969 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ሲገኝ ኦራዮን ውስጥ ኮከብ የሚወለድበት ደመና ላይ ነበር የታየው፣ ከግኝቱ ሰዎች አንዱም ሜዘርን ራሱን በመፍጠር ሥራው 1964 እ.ኤ.አ. ኖቤል የተቀበለው ቻርልስ ታውንስ ነው።

ለገሃሬ 07

ኬፕለሩ አሳምኖኛል። የቁጥሩ ነገር ይቀጥል እስቲ፣ እኔም ካልኩሌተር ይዣለሁ።

ጀጎል መምህር

እሺ፣ ሦስት ቁጥር ነው የሚያስፈልገው፣ ሦስቱም የሚለኩት ለየብቻ ነው፣ ጥበቡ ያለው እዚህ ላይ ነው።

የመጀመሪያው ፍጥነት ነው። ከግራና ቀኝ ጉብታዎች ኩርባውን ስትስይ መሀለኞቹ ሜዘሮች ባሉበት ራዲየስ ላይ ዲስኩ በሰከንድ 1100 ኪሜ ገደማ ይዞራል።

ሁለተኛው አክስለሬሽን ነው። መሀለኞቹ ሜዘሮች በኛ በኩል ባለው የዲስኩ ክፍል ላይ ናቸው አይደል፣ በክብ ስለሚሄዱ አክስለሬሽናቸው ወደ መሀል ነው፣ ወደ መሀል ማለት ደግሞ ከኛ ራቅ ወደሚለው አቅጣጫ ነው። ስለዚ የዶፕለር ፍጥነታቸው ዓመት በዓመት መጨመር አለበት። ጨመረም! ጉብታዎቹን ወር በወር ሲከታተሏቸው በዓመት 9 ኪሜ በሰከንድ ያህል ይሸራተታሉ። አንድ ጉብታ ራሱ ስፋቱ 1 ወይ 2 ኪሜ በሰከንድ ስለሆነ ይሄ መንሸራተት በግልጽ ይታያል። የጎኖቹ ደግሞ አክስለሬሽናቸው ወደ ጎን ስለሆነ ከሞላ ጎደል አይንሸራተቱም፣ ይሄም ዲስክ ከሆነ ሊሆን የሚገባው ነው።

ሦስተኛው አንግል ነው። ያ ራዲየስ ሰማይ ላይ 3.9 ሚሊአርክሰከንድ ይሆናል፣ አርክሰከንድ የአንድ ዲግሪ 3600ኛ ነው፣ ሚሊ ደግሞ የሱ ሺኛ። ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ለማየት፣ ድሬ ቆመሽ አዲስ አበባ ላይ የተቀመጠች አንዲት የስንዴ ፍሬ ርዝመት መለካት ማለት ነው።

አሁን ሴንትሪፔታል አክስለሬሽን ቪ (ፍጥነት) ስኩዌር ሲካፈል ለአር (ራዲየስ) ነው፣ ይሄን 11ኛ ክፍል ነው የምናስተምረው። ሁለቱን ካወቅሽ አር በኪሎሜትር ይወጣል። አር በኪሎሜትር ካለሽ፣ በአንግል ካለሽ፣ ርቀቱ ማካፈል ብቻ ነው የቀረው። ስሪው፣ እኔ መልሱን አልነግርሽም።

ፊዚክስ ከሳቢያን

ሰራሁት!! እዩልኝ።

1100 ስኩዌር 1,210,000 ነው፣ ለ9 ሲካፈል 134,444። አሃዱ ኪሜ በሰከንድ ጊዜ ዓመት ስለሆነ በዓመት ውስጥ ባሉት 31.56 ሚሊዮን ሰከንዶች አባዛሁት፣ 4.24 ትሪሊዮን ኪሜ መጣ። የብርሃን ዓመት 9.46 ትሪሊዮን ኪሜ ስለሆነ ራዲየሱ 0.448 የብርሃን ዓመት ሆነ፣ መምህር ግማሽ ገደማ ያለው ማለት ነው። ከዛ 3.9 ሚሊአርክሰከንድ ማለት 0.0039 ሲካፈል ለ206,265 (በአንድ ሬዲያን ውስጥ ያሉት አርክሰከንዶች)፣ በሬዲያን 1.89 ሲባዛ 10 ፓወር ኔጌቲቭ 8። 0.448ን ለዚህ ሳካፍለው 23.7 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት!

ከዛ ማቆም አቃተኝ፣ ክብደቱንም ሰራሁት፣ ቪ ስኩዌር ጊዜ አር ሲካፈል ለጂ፣ ለስበት ቋሚው ማለት ነው። 7.7 ሲባዛ 10 ፓወር 37 ኪሎግራም፣ ለፀሐይ ክብደት ሳካፍለው 38.7 ሚሊዮን ፀሐይ። 40 ሚሊዮን ይላል መጽሐፉ። ቁጭ ብዬ አፈጠጥኩበት፣ በሦስት ቁጥርና በ11ኛ ክፍል ፎርሙላ ብላክ ሆል መዘንኩ እኮ።

አንድ ዙር ለመዞር ስንት ይፈጃል ብዬ ደግሞ 2 ፓይ አርን ለፍጥነቱ አካፈልኩት፣ 770 ዓመት ገደማ። እንዲህ እየሮጠ እንኳን 770 ዓመት! ስለዚ ሰው አንድ ሙሉ ዙር አይቶ አያውቅም፣ ትንሽ ቅስት አይተው ነው ሁሉን ያወቁት።

ለገሃሬ 07

እኔም 23.7 ነው የወጣልኝ። የታተመው ግን ስንት ነው? 24 ከምናምን አይደል፣ ልዩነቱ ከየት መጣ?

ጀጎል መምህር

ጎበዞች። የታተመው እንዲህ ነው፣ 1999 እ.ኤ.አ. 7.2 ሜጋፓርሴክ (አንዱ 3.26 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ነው) ተባለ፣ 2013 ላይ ብዙ ተጨማሪ ልኬት ገብቶ 7.6፣ 2019 ላይ 7.576፣ ስህተቱ 1.5 ፐርሰንት። ወደ ብርሃን ዓመት ብትለውጡት 24.7 ሚሊዮን ነው። እናንተ የሰራችሁት ሁሉም ሜዘር በአንድ ራዲየስ ላይ በትክክለኛ ክብ እንዳለ፣ ዲስኩም ፍጹም ከጠርዙ እንደሚታይ አድርጎ ነው። ሙሉው ሞዴል የዲስኩን መጣመም፣ ከ90 ዲግሪ ትንሽ መጉደሉን፣ ምህዋሩ ትንሽ ሞላላ ሊሆን መቻሉን፣ ስበት ብርሃኑን የሚያቀላውን ሳይቀር ያስገባል፣ በመቶ የሚቆጠሩ ነጥቦችንም በአንድ ላይ ያስማማል። ያ ሁሉ ተጨምሮ ከናንተ መልስ የራቀው በ4 ፐርሰንት ብቻ ነው፣ ክፍል ውስጥ ሁለቱን ቁጥር ጎን ለጎን ጻፊው።

ማረጋገጫ ከፈለግሽ ሌላ መንገድም አለ። መሀለኞቹ ሜዘሮች ወደ ጎን ስለሚሄዱ ሰማይ ላይ ቦታቸው ሲቀያየር ይታያል፣ በዓመት 31 ማይክሮአርክሰከንድ ያህል። በሰከንድ 1100 ኪሜ የሚሄድ ነገር በዓመት 31 ማይክሮ ብቻ ከተንቀሳቀሰ ስንት ይርቃል ብለሽ ስሪው፣ አክስለሬሽኑን ሳትነኪ እዛው አካባቢ ትደርሻለሽ። ሁለት የተለያየ መንገድ አንድ ቦታ ሲገናኝ ነው ልብ የሚያርፈው።

ለምን ይሄን ያህል እንደሚያስጨንቅ ደግሞ፣ ሌሎች የጋላክሲ ርቀቶች አብዛኛዎቹ በደረጃ ነው የሚሰሩት፣ ቅርቡ ኮከብ ሩቁን ያስለካል፣ ሩቁ የባሰ ሩቁን፣ ታች ላይ ያለች ትንሽ ስህተት እስከ ላይ ትወጣለች። ሜዘሩ ደረጃ አያስፈልገውም፣ አንድ ጊዜ ቀጥታ ነው። ለዛ ነው 4258 ለሴፊድ ኮከቦች (ድምቀታቸው እየተለዋወጠ ለርቀት መለኪያ የሚያገለግሉ) መለኪያ መነሻ የሆነው። ራቅ ያሉትን ደግሞ፣ ለምሳሌ ዩጂሲ 3789፣ ወደ 160 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ይርቃል፣ በዚሁ ዘዴ ለክተው የዩኒቨርሱን መስፋፋት አወጡ፣ 2020 እ.ኤ.አ. የወጣው 73.9 ኪሜ በሰከንድ በሜጋፓርሴክ ነው፣ ፕላስ ማይነስ 3። ፕላንክ ሳተላይት ከጥንቱ የዩኒቨርስ ብርሃን ያወጣው ግን 67.4 ነው። ሁለቱ አይስማሙም። በኔ አስተያየት የሜዘሩ ስህተት 3 ስለሆነ ብቻውን ክርክሩን አይዘጋም፣ ግን ከሴፊድና ከሱፐርኖቫ ጋር ምንም ሳይጋራ ወደነሱ ቁጥር መጠጋቱ ቀላል ነገር አይደለም፣ እኔ በቁም ነገር ነው የምወስደው።

ሊንክ ደንገጎ

ሩቅ ስትሉ አንድ ነገር ልጨምር፣ ሌላ የውሃ ሜዘር አለ ብርሃኑ 11.1 ቢሊዮን ዓመት ተጉዞ የመጣ፣ 2008 እ.ኤ.አ. ነው ይፋ የሆነው፣ ጀርመን ያለው የኤፍልስበርግ 100 ሜትር ዲሽ ነው የያዘው። በመሀል ያለ ጋላክሲ በስበቱ ሲግናሉን አጉልቶላቸው ነው እንጂ አይያዝም ነበር። በመስፋፋቱ ምክንያት 22.235 የነበረው 6.1 ጊጋ ሆኖ ነው የደረሰው፣ ሲ ባንድ ማለት ነው፣ የድሮ ትልልቅ የሳተላይት ዲሾች የሚሰሩበት ሰፈር።

ለነገሩ በአፍሪካም ጋና ኩንቱንሴ የሚባል ቦታ የነበረ 32 ሜትር የኮሙኒኬሽን ዲሽ ወደ ሬድዮ ቴሌስኮፕ ተቀይሮ 2017 እ.ኤ.አ. ተመርቋል፣ የሜታኖል ሜዘርም ይዞበታል። እንጦጦ ያሉት ሁለቱ ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች የሚያዩት ብርሃን ነው፣ ሬድዮ አይደሉም። በሀገራችን ያሉ ትልልቅ አሮጌ ዲሾች እንደ ጋናው ቢታሰብባቸው እኔ በነጻ ወጥቼ ፊደሩን አስራለሁ፣ ከልቤ ነው።

የሽንሌ መንገድ

ውይይታችሁን ስከታተል ነበር፣ ሳይንስ ብዙ አልገፋሁም፣ ጋላክሲው ግን ከዚህ ይታያል? ባይኖኩላር አለኝ።

ለገሃሬ 07

ይታያል። ሜዘሩ ሬድዮ ስለሆነ በዓይን የለም፣ ጋላክሲውን ግን ጨለማ ቦታ ካገኘህ በባይኖኩላር ደብዘዝ ያለች ሞላላ ነገር ሆና ታገኛታለህ፣ ድምቀቷ በማግኒቲዩድ 8.4 ነው (ቁጥሩ ሲጨምር ይደበዝዛል)። ከከተማው መብራት ወጣ በል፣ በናንተው መንገድ ከሽንሌ አለፍ ብትል ይበቃል። ሚያዝያ አጋማሽ ላይ ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ወደ ሰሜን ዙር፣ ጭልፋ የሚመስሉትን 7 ኮከቦች ታያለህ። እሷ ከነሱ ከፍ ብላ ወደ አናትህ በኩል ነው ያለችው፣ ከአድማሱ 52 ዲግሪ ያህል። ከጭልፋው ሳህን ግርጌ በእጀታው በኩል ያለውን ፌክዳ የሚባለውን ኮከብ ያዝና ከሱ ኮር ካሮሊ ወደሚባለው ኮከብ መስመር አስብ፣ ግማሽ መንገድ ላይ ፈልጋት። ጨረቃ በሌለችበት ሳምንት ይሁን፣ ዓይንህንም ከስልክ መብራት አርቀህ ሃያ ደቂቃ ያህል ጨለማ አስለምደው።

ፊዚክስ ከሳቢያን

እኔም እመጣለሁ፣ ከክፍል ልጆች ጋር። መምህር፣ የ31 ማይክሮውን ስሌት አሁን ጨረስኩት፣ 24.4 ሚሊዮን ነው የሰጠኝ።